ከደሴ ወደ አዋሽ ፓርክ ለሚወርድ ደገኛ

ከደሴ ብርድ ተነስቶ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ጉዞውን በፀሐይ ነው ማስላት ያለበት። ሳላ፣ አምባራይሌና ከርከሮ ደህና የሚታዩት ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስር ስለሚተኙ ሜዳው ባዶ ይመስላል። በተነሳችሁበት ቀን ፓርኩ ለመግባት አትጣደፉ፤ አዋሽ ሰባት አድራችሁ ማለዳ በሩ ላይ ተገኙ።

መንገዱ በኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌና ገዋኔ ነው። የመስመሩን ደህንነት በዋዜማው ጠይቁ። ኮምቦልቻ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ከተማዋን ማልዳችሁ እለፉ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ከረገጣችሁ ግሎ ይከዳችኋል። ከሚሌ ወዲያ የጅቡቲ ተሳቢዎችና መንገድ የሚያቋርጡ ግመሎች ስላሉ በጨለማ አትንዱ።

ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ትርፍ ጎማ ቢቻል ሁለት ይሁን። የግራር እሾህ ጎማን ወዲያው አያስተነፍስም፤ ቀስ ብሎ አየሩን ሲያወጣ ያድርና ጠዋት ጎማው ተኝቶ ይገኛል። ማታ ጎማውን ዙሪያውን እዩ፤ እሾህ ካገኛችሁ ጎሚስታ ጋ ሳትደርሱ አትንቀሉት።

በሩ ላይ መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ። ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ስለሆነ ሁሉን በአንድ ቀን አታዳርሱም። ማለዳውን ለኢላላ ሳላ ሜዳ ስጡት፣ ፏፏቴውን ለረፋድ አቆዩት። እዚህ አካባቢ አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮና ጋሜው የበረሃ ዝንጀሮ (ሃማድራያስ) ይዳቀላሉ፤ መልካቸው የተደባለቀ መንጋ ካያችሁ በደንብ አስተውሉት፣ ብርቅ ነገር ነው። ምግብ ግን አትስጧቸው፤ አንዴ ከለመዱ በመስኮት ገብተው ይነጥቃሉ።

ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ስለማይታይ እግር ለመታጠብ እንኳ ዳር አትቅረቡ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለም ደጋ ላይ የዘነበው ወንዙን በድንገት ሊሞላው ይችላል። ጉማሬ ሳር ሊግጥ ከወጣ በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ መሸሻው ውሃው ነውና የቆመበትን ጥሶ ያልፋል።

ቆላው ወባ አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ በሳምንትም በወርም ትኩሳት ቢጀምራችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አታሳድሩት፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብላችሁ ደም ተመርመሩ።