ራስ ሳይጠና ጉተና፦ የቲቪ አገልግሎት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምትፈትሹት

የእናቴ ሪሞት ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ቁልፎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ 46 ናቸው። እሷ የምትፈልገው አምስቱን ብቻ ነው። ማብሪያውን፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ቻናል ወደ ላይና ወደ ታች። አንድ ማታ በስህተት የፊልም መደብሩን ቁልፍ ነክታ መውጫው ስለጠፋት ዜናው አመለጣት። በማግስቱ የቀረውን ሁሉ በነጭ ፕላስተር ሸፈነችው።

በቅርቡ ደግሞ ሪሲቨሩ ሌሊት ራሱን አፕዴት አድርጎ አደረ። ድሮ ስትከፍተው በቀጥታ ቻናል ላይ ያርፍ ነበር፣ አሁን ባለቀለም ገጽ ይመጣል። ጌም አለ፣ የአየር ሁኔታ አለ፣ በድምፅ ማዘዣ አለ። «ቴሌቪዥኑ የት ሄደ?» አለችኝ። ማታ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ግን ምስሉ እንደ ድሮው ተቆራርጦ ቀጥ አለ። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ይኼ ነው።

እና ይህን የምጽፈው አዲስ አገልግሎት ልትገቡ ላሰባችሁ፣ ወይም ያላችሁ አናዷችሁ ልትቀይሩ ለምታመነቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። መጀመሪያ ዋናውን ፈትሹ፣ ጌጡን በኋላ ታዩታላችሁ።

ዋናው ምንድን ነው? ምስሉ አይቆራረጥም። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር ይሄዳል። ቻናል ስትቀይሩ ቶሎ ይመጣል። የምታዩት ነገር ጥቅሉ ውስጥ አለ። ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳና የሚያስተካክል ሰው አለ። በቃ። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ድርጅቶች ለምን ወደ ተጨማሪው እንደሚሮጡ ካወቃችሁ ማስታወቂያው አያታልላችሁም። የማይቆራረጥ ምስል ለማስታወቂያ አይመችም፣ «ዛሬም ምንም አልተበላሸም» ብሎ ፖስተር የሚለጥፍ የለም። አዲስ አፕ ግን ያምራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ይረክሳል። አንድ ሶፍትዌር በአንድ ሌሊት ሁሉም ሪሲቨር ላይ ይጫናል። የሳተላይት አቅም መጨመር፣ የኢንተርኔት መስመር ማስፋት፣ ቴክኒሺያን መቅጠር ግን በየወሩ ገንዘብ ይበላል።

የ3ዲን ነገር አስታውሱ። 2010 ላይ የአሜሪካው የስፖርት ጣቢያ ኢኤስፒኤንም የእንግሊዙ ስካይም የ3ዲ ቻናል ከፈቱ፣ ሰው ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ መነፅር አድርጎ ኳስ ያያል ተባለ። ኢኤስፒኤን 2013 ላይ ዘጋ፣ ስካይ 2015 ላይ ቻናሉን አነሳ፣ 2017 ላይ ኤልጂና ሶኒ 3ዲ ቴሌቪዥን መሥራት አቆሙ። ለዚያ ብሎ አዲስ ቲቪ የገዛ ሰው መነፅሩን እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ያገኘዋል።

የቻናል ብዛትም እንደዚያው ነው። «ከ300 በላይ ቻናል» ሲባል ደስ ይላል። ግን ሳተላይቱ ላይ ያለች አንዷ ትራንስፖንደር (ሲግናሉን ተቀብላ ወደ ምድር የምትመልሰው ክፍል) የምትሸከመው ዳታ ልክ አለው፣ እሱን ቻናሎቹ ይካፈሉታል። ሳያሰፉ ቻናል ከጨመሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ታክሲ ላይ ትርፍ እንደ መጫን በሉት፣ ሁሉም ይደርሳል ግን ማንም አልተመቸውም። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኳስ ስታዩ ሳሩን ተመልከቱ። ካሜራው ቆሞ ሳለ ሳሩ ሳር ይመስላል። ኳስ ተመትታ ካሜራው ሲሮጥ ሜዳው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ምንጣፍ ከሆነ፣ የተጫዋቾቹ እግር ዙሪያ ትናንሽ ካሬዎች ከተርመሰመሱ፣ ቻናሉ ጥግ ላይ «ኤችዲ» ተብሎ ቢጻፍበትም በቂ ዳታ እየተሰጠው አይደለም። እኔ አንድ አገልግሎት ሳይ መጀመሪያ የማየው ሳሩን ነው። ሜኑውን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ያላችሁን አገልግሎት ለአንድ ሳምንት ፈትኑት። ወረቀትና እስክሪብቶ ቲቪው አጠገብ አስቀምጡ። የሆነ ነገር ሲበላሽ ሰዓቱን፣ ቻናሉን፣ የሆነውን ነገርና ውጭ ያለውን አየር ጻፉ። «ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40፣ ስፖርት ቻናል፣ ምስሉ ቆመ ድምፁ ቀጠለ፣ ዝናብ የለም።» ይህቺን ታህል። ሰነፍ ብትሆኑም በሳምንት አሥር መስመር ነው።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ስታነቡት ራሱ ይናገራል።

ብልሽቱ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ የሳተላይት ጉዳይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ከዚያ የሚመጣው ሲግናል እዚህ ሲደርስ በጣም ደካማ ነው። አብዛኛው የቤት ዲሽ የሚቀበለው ኬዩ ባንድ የሚባለውን የሞገድ ክልል ስለሆነ ደግሞ ዝናብ ይበላዋል። ከባድ ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ ያለ ነው። ካፊያ ሲያካፋ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሻችሁ ትንሽ ዞሯል፣ ወይም ለአካባቢው ያንሳል፣ ወይም ኬብሉ መጋጠሚያ ላይ ውሃ ገብቶበታል። ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ሲግናል የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ፣ ጥንካሬና ጥራት። ሰው ሁሉ ጥንካሬውን አይቶ «90 ነው እኮ!» ይላል። ጥራቱን እዩ። ጥንካሬ ከፍ ብሎ ጥራት ሲወርድ ዲሹ ጩኸትም፣ ማለትም የማይፈለግ ሲግናል፣ አብሮ እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። ዲጂታል ምስል ደግሞ እንደ ድሮው አንቴና ቀስ እያለ በረዶ አያዘንብም። ጥራቱ ከተወሰነ መስመር በላይ ሳለ ንጹሕ ነው፣ ከመስመሩ ሲወርድ ድንገት ገደል ይገባል። በጠራ ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ዲሽ በመጀመሪያው ካፊያ መውደቁ አይቀርም።

የተወሰኑ ቻናሎች አንድ ላይ ጠፍተው ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ ኤልኤንቢውን፣ ዲሹ ፊት ለፊት የተገጠመችውን ትንሿን ሲግናል መቀበያ፣ ጠርጥሩ። ሪሲቨሩ በኬብሉ በኩል 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ነው ኤልኤንቢው የትኛውን የሲግናል አቅጣጫ እንዲቀበል የሚነግረው። አንደኛው ካልሠራ ግማሹ የቻናል ዝርዝር ድርግም ይላል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ተቀይሮ ያልቃል፣ ለዚህ ብሎ ድርጅት መቀየር አያስፈልግም። አንድ ቻናል ብቻ ከጠፋ ደግሞ ችግሩ ከእነሱ ወይም ከቻናሉ ነው፣ ጣራ ላይ አትውጡ።

በኢንተርኔት የሚመጣ ቲቪ ከሆነና ሁሌ ማታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት የሚንቀራፈፍ ከሆነ መስመሩ ተጨናንቋል። ግን ወደ እነሱ ከመደወላችሁ በፊት ዋይፋዩን ትታችሁ ሳጥኑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዙትና ሁለት ማታ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከራውተሩና ከቲቪው መሃል ያሉት ሁለት ግድግዳዎች ነው። ኬብሉም ካላዳነው ያኔ የእነሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ ኳስ የምትወዱ ከሆነ ይህን ሳታውቁ በኢንተርኔት ቲቪ አትግቡ። ቀጥታ ሥርጭቱ በትናንሽ ቁራጭ ተከፍሎ ነው የሚላከው፣ ማጫወቻው ደግሞ እንዳይቆራረጥበት የተወሰኑትን አስቀድሞ ያከማቻል። ስለዚህ ከሳተላይት 20 እና 30 ሰከንድ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ጎሉን ከጎረቤት ጩኸት ነው የምትሰሙት። አንዳንዱ ድርጅት ይህን መዘግየት ለማሳጠር ይሠራል፣ ሌላው በዚያው ገንዘብ ጌም ይጨምራል። ጠይቋቸው።

ድርጅቱን ከመርገማችሁ በፊት ሌላም አንድ ነገር እዩ። አንድ ዘመዴ ለኤችዲ ጥቅል እየከፈለ «ምንም ልዩነት የለውም» እያለ ሲማረር ሄጄ ባየው ሪሲቨሩ ከቲቪው ጋር የተገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው የድሮ ኬብል ነበር። ያ ኬብል ኤችዲ አያሳልፍም። ኤችዲኤምአይ ቀየርንለት። ምስሉ ግን አሁንም ደብዛዛ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስገባ የሪሲቨሩ የምስል መውጫ 576 ላይ፣ ከኤችዲ በታች፣ ተቀምጧል። 1080 ላይ ሳደርገው ዘመዴ ዝም ብሎ ቲቪውን አየ፣ ከዚያ «ይኼን ሁሉ ጊዜ?» አለ። የገጠመለት ቴክኒሺያን ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ኖሮ ያለቀ ነገር ነው። ዋናው አገልግሎት የምለው ይህንንም ነው።

ድምፅ ከአፍ ጋር አልሄድ ካለ የተጋነነ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት ያስቀመጠው ልክ አለ፣ ድምፅ ከምስሉ ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ መቅደም፣ ከ60 በላይም መዘግየት የለበትም። መቅደሙ ላይ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፣ እኛ መብረቁን አይተን ነው ነጎድጓዱን የምንሰማው፣ ሲገለበጥ ቶሎ ይከነክነናል። መጀመሪያ የቲቪውን የድምፅ ሴቲንግና ስፒከሩን እዩ። ሁሉም ቻናል ላይ ከሆነ የቤታችሁ ነው፣ አንድ ቻናል ላይ ብቻ ከሆነ ከላይ የመጣ ነው።

አዲስ የምትገቡ ከሆነስ? ማሳያ ሱቅ ውስጥ ያለው ቲቪ ላይ አትፍረዱ፣ እዚያ የሚጫወተው የተመረጠ ቪዲዮ ነው። አገልግሎቱን የሚጠቀም፣ በተለይ ሰፈራችሁ ያለ ሰው ፈልጉና ማታ ቤቱ ሄዳችሁ እዩ። ሪሞቱን ተቀበሉት። አሥር ጊዜ ቻናል ቀይሩ። አንድ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ያለ ነው፣ ሪሲቨሩ ሙሉ ምስል የያዘችው ፍሬም እስክትመጣ ስለሚጠብቅ። አምስት ስድስት ሰከንድ ከሆነ ግን በየቀኑ ያቃጥላችኋል። ስንት ቁልፍ ተጭናችሁ ዜና ጋ እንደምትደርሱም ቁጠሩ። ከሦስት በላይ ከሆነ እናቴን አስታውሱ።

ከዚያ ውል ሳትፈርሙ የጥሪ ማዕከሉ ላይ ደውሉ። ለሽያጭ የሚለውን ሳይሆን ለብልሽት የሚለውን ቁጥር ምረጡ። የሽያጭ ስልክ ሁሌም ቶሎ ይነሳል። የብልሽቱ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ካሰማችሁ የወደፊት ሕይወታችሁን እየሰማችሁ ነው። ሲነሳ እነዚህን ጠይቁ፦ ቴክኒሺያን በስንት ቀን ይመጣል፣ ያስከፍላል ወይ፣ አገልግሎት በተቋረጠባቸው ቀናት ክፍያው ይቀነሳል ወይ፣ ውሉ ሳያልቅ ብወጣ ምን እከፍላለሁ፣ በውሉ መሃል ዋጋ መጨመር ትችላላችሁ ወይ። «እናሻሽላለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ።

ተጨማሪ ነገር ሁሉ የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም። ጆሮው ለደከመ ሰው የግርጌ ጽሑፍ ጌጥ አይደለም፣ ቲቪው ራሱ ነው። ማታ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ያለፈን ፕሮግራም መልሶ ማየት እንደዚያው ነው። ልጆች ላሉት ደግሞ የቻናል መቆለፊያ። የእኔ መለያ ቀላል ነው፦ ይህ ነገር ዛሬ ቢጠፋ በሳምንት ውስጥ ልብ እላለሁ ወይ? ካላልኩ አልከፍልበትም። በድምፅ ማዘዣውን ያመጡልኝ ጊዜ ሁለት ቀን አወራሁት፣ ከዚያ ተረሳሳን።

ቅሬታ ስታቀርቡ ወረቀቷን ያዙ። «ሁሌ ይቆራረጣል» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፣ «አጥፍተው ያብሩት።» እኔ አንዴ እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «እህት፣ አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ኬብሉንም ቀይሬያለሁ፣ በሰባት ቀን ውስጥ 11 ጊዜ ተቋርጧል፣ ዘጠኙ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ዝናብ አልነበረም፣ ሰዓቶቹን ላንብብልሽ?» ትንሽ ዝም አለችና «ቆይ ለቴክኒክ ክፍል ላስተላልፍዎት» አለች። የቅሬታ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ፣ ያለ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

ካልተስተካከለ ከመውጣታችሁ በፊት ጥቅሉን ዝቅ አድርጉ። የወሩን ዕይታችሁን ቁጠሩት፣ ምናልባት ከስምንትና ከአሥር ቻናል አያልፍም፣ እነሱ ያሉበትን ትንሹን ጥቅል ውሰዱ። ያም ካልሆነ ውጡ። ስትወጡ ሪሲቨሩ የእነሱ ከሆነ ከነሪሞቱ መልሱና የተቀበሉበትን ደረሰኝ ያዙ፣ ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለም ራሳችሁ አስቁሙት። ሪሲቨሩ ላይ የቀዳችሁት ነገር ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ለዚያች ሳጥን ብቻ ስለሚቆለፍ ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ብትወስዱት ሌላ ቦታ አይከፈትም።