የውሻ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ ማለዘብ

«አይነክስም፣ አትፍራ» ማለት ፈሪን የማያረጋጋው ያለ ምክንያት አይደለም። አደጋ ሲመስለው ማስጠንቀቂያ የሚያሰማው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ በግራም በቀኝም አለ። የአንጎል ተመራማሪው ጆሴፍ ሌዱ በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ድምፅ ከታላመስ (የስሜት ሕዋሳትን መልእክት ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል) በአጭር የነርቭ መንገድ ወደ አሚግዳላ ይደርሳል፤ ነገሩ በሚገባ ሳይጣራ ማስጠንቀቂያው የሰውነትን ምላሽ ወደሚያዙት ሃይፖታላመስና የአንጎል ግንድ ያልፋል። ልብ በኃይል ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ እግር ይሸሻል ወይም ባለበት ይደርቃል። ይህን የሚገታው ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል የሚመጣው ግንኙነት ነው፤ እሱም የሚጠነክረው በልምምድ ነው።

መጀመሪያ ከ8 እስከ 10 የሚያስፈሩዎትን ሁኔታዎች ጽፈው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ይስጡ። ለምሳሌ የውሻ ፎቶ 20፣ የታሰረ ውሻን ከአጥር ውጭ ሆኖ ማየት 40፣ 3 ሜትር ያህል ቀርቦ መቆም 60፣ ባለቤቱ ይዞት ጀርባውን መዳበስ 90። ከ30 ወይም ከ40 ይጀምሩ። ውሻው የተከተበና ገራም ይሁን። የመንገድ ውሻ ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል።

ከመቅረብዎ በፊት የሚፈሩትን በትክክል ይጻፉ፦ «ገመዱን በጥሶ ይዘልብኛል»። ከዚያ ግምትዎ እስኪፈተን ድረስ፣ ምናልባት 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ እዚያው ይቆዩ። ሲጨርሱ የሆነውን ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። አንጎል አዲስ ነገር የሚማረው ከዚህ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ልብዎ መምታቱን ባያቆምም ልምምዱ ከንቱ አልሆነም።

ልምምዱን የሚያበላሹት ትንንሽ መከለያዎች ናቸው፦ የሰው ክንድ መያዝ፣ ዓይን መጨፈን፣ ስልክ ላይ ማቀርቀር። አንጎል «የዳንኩት በእነሱ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ መሸሽም እንዲሁ ነው፤ የሚገኘው እፎይታ ሽሽቱን ያስለምዳል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ከተሳካላቸው በኋላ ነው። አሮጌው የፍርሃት ትዝታ አይጠፋም፤ አዲሱ ትምህርት በላዩ ይታከላል እንጂ። ሂፖካምፐስ የተባለው የትዝታ የአንጎል ክፍል ደግሞ ይህን አዲስ ትምህርት ከተማሩበት ቦታ ጋር ያቆራኘዋል። በጎረቤት ግቢ የለመደ ሰው ሌላ ሰፈር ሲሄድ ዳግም የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ስለሆነም ውሻውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን እየለዋወጡ ይለማመዱ። ፍርሃቱ ከወራት በኋላ ቢመለስ ሁለት ደረጃ ወርደው ይቀጥሉ።

ክፉኛ ተነክሰው ትዝታው በቅዠት የሚመላለስብዎት ከሆነ ግን ብቻዎን አይጀምሩ፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያማክሩ።