የመኪና እሳት ማጥፊያ ስትገዙ

ለቦሎ ብቻ ተብሎ የሚገዛው ትንሽ ጣሳ እሳት ሲመጣ አያስጥልም። ለቤት መኪና ቢያንስ 1 ኪሎ፣ ቢቻል 2 ኪሎ የሆነ፣ «ኤቢሲ» የሚል የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ምረጡ፤ ለወንበር ጨርቅም፣ ለቤንዚንና ናፍጣም፣ ለኤሌክትሪክ ገመድም ይሠራል። «ቢሲ» ብቻ የተጻፈበት ለወንበር እሳት አይሆንም። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የሌለውን ተዉት። ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ይሁን፣ ፒኑም ማሸጊያው ያልተቆረጠ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ዱቄቱ በመንገድ ንዝረት ታች ይጠቀጠቃል። ያኔ ጌጁ አረንጓዴ እያሳየ እንኳ ሲጫኑት ጋዙ ብቻ ሊወጣ ይችላል። በየወሩ ገልብጣችሁ ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ከሾፌሩ እጅ ሳይርቅ በብረት ማሰሪያ እሰሩት፤ ልቅ ከሆነ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ይገባል፣ ከኋላ ዕቃ ሥር ከተቀበረ ደግሞ አይደረስበትም።

1 ኪሎው የሚነፋው ለ10 ሰከንድ ያህል ነው፣ አታባክኑት። ሞተር ሲነድ ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ፣ አየር ያገኛል፤ ከውስጥ ማንሻውን ስባችሁ በክፍተቷ በኩል ንፉበት። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በእሳት ከተያያዘ ግን ዱቄት አያቆመውም፤ ወርዳችሁ ራቁ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።