የላም ጡት ሲታመም በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ላሚቱ ስትታለብ ትራገጣለች። አንዱ ጡቷ አብጦ ይሞቃል፣ ወተቱም ጓጉሎ ወይም ውሃ መስሎ ይወርዳል። አርቢው ወዲያው ጎረቤቱ የተጠቀመበትን መድኃኒት ገዝቶ ይመጣል። አንደኛው ስህተት ይኸው ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ በፔኒሲሊን ቶሎ ይጠፋል፤ ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ጡቱ ሥጋ ውስጥ ስለሚደበቅ አስቸጋሪ ነው። የእንስሳት ሐኪም ይያት። ከተቻለም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የወተት ናሙና ይወሰድ።

ሁለተኛው፣ ቲዩቡን (በጡቱ ጫፍ ቀዳዳ የሚገባውን የመድኃኒት ቱቦ) ወተት በያዘ ጡት ውስጥ መጭመቅ ነው። መጀመሪያ የታመመው ጡት ሙልጭ ተደርጎ ይታለብ። ከዚያ እጅ ይታጠብ፣ የጡቱ ጫፍም አልኮል በነካው ጥጥ ይጠረግ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪነሳ ድረስ። የቲዩቡ አፍ ጥቂት ሚሊሜትር ከገባ ይበቃል። ጠልቆ ሲገባ ቀዳዳውን ያቆስላል፣ ቆሻሻም ወደ ውስጥ ይገፋል። አንድ ቲዩብ ለሁለት ጡት ማካፈልማ ጭራሽ አይታሰብ።

ወተቱ ነጣ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥም አለ። ወተቱ ስላማረ ባክቴሪያው አልቋል ማለት አይደለም። ሐኪሙ ያዘዘው ይጨረስ። ለደረቀች ላም የተሠራውን ቲዩብ ለምትታለብ ላም መስጠትም ሌላ ጣጣ ነው፤ መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ትልቁ ችግር ግን የወተቱ ሽያጭ ነው። «የታከመው አንዱ ጡት ነው፣ የሦስቱን ልሽጥ» የሚል አለ። አይሆንም፤ መድኃኒቱ በደም አድርጎ ወደ ሌሎቹም ይደርሳል። የአራቱም ወተት፣ መድኃኒቱ መለያ ላይ «ወተቱ አይሸጥም» ተብሎ የተጻፈው የቀን ብዛት እስኪያልፍ ይደፋ። ማፍላት አያድነውም። ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን ወተት ለእርጎ ያስቀመጠች ደንበኛም አልረጋ ብሏት ትመጣለች፤ መድኃኒቱ እርጎ የሚያደርጉትንም ባክቴሪያዎች ይገድላላ! በሁዳዴ ገበያው ሲቀዘቅዝ መድፋቱ ብዙም አይከብድም። ፋሲካ ሰሞን ነው ፈተናው። ለጥጃ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል።

የታመመችውን መጀመሪያ ማለብም ይቅር። ጤነኞቹ ይቅደሙ፣ እሷ በመጨረሻ ትታለብ፤ ለሁሉም ጡት በአንድ ጨርቅ መጠቀምና ከአንድ ዕቃ ቅቤ እየጠቀሱ መቀባትም ይቁም።