ቢራቢሮንና ሸረሪትን እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

ቢራቢሮ እንደምትበር፣ ሸረሪት ድር እንደምታደራ ማንም ያውቃል። ንጽጽሩ የሚጀምረው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ነው።

1. በመጀመሪያ ዝርያቸውን ይለዩ። የሸረሪት ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው፤ ጨርሶ ድር የማያደሩም አሉባቸው። እኔ የመረጥኩት ሞናርክ የተባለችውን ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ፣ እንዲሁም ጀርባዋ ላይ ነጭ የመስቀል ምልክት ያለባትን የአውሮፓ የአትክልት ሸረሪት ነው። ሁለቱም አዋቂ ይሁኑ። ወንዱ ሸረሪት በጣም ስለሚያንስ ሴቷን ይውሰዱ።

2. የአካል ክፍሎችን ይቁጠሩ። ለነፍሳት የተሰጠው «ሦስት አጽቄ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ይረዳል፦ የሞናርክ አካል ራስ፣ ደረትና ሆድ ነው። የሸረሪቷ ራስና ደረት ግን ተዋሕደዋል፤ ክፍሏ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከሦስት አጽቄዎች ወገን አይደለችም። ክንፍም አንቴናም የላትም። ዓይኖቿ ግን 8 ናቸው።

3. እግር ላይ ጊዜ ይውሰዱ። መጀመሪያ ስቆጥር ለሞናርክ 4 ብዬ ጻፍኩ፤ እግሯ የተቆረጠ መስሎኝ አዘንኩላት። ለካ የፊት ሁለቱ አጥረው ደረቷ ላይ ተጣጥፈው ኖሯል! ትክክለኛው ቁጥር 6 ነው። በሸረሪቷ ደግሞ ስሕተቱ ተቃራኒ ነው፦ አፏ አጠገብ ያሉትን ሁለት መዳሰሻዎች እግር ብሎ የቆጠረ ሰው 8 መሆን የነበረበትን 10 ያደርገዋል።

4. ምግባቸውን ይመልከቱ። የሚገርመው፣ ሁለቱም የሚመገቡት ፈሳሽ ነው። ሞናርክ በተጠቀለለ ቱቦዋ የአበባ ማር ትመጥጣለች፤ ሸረሪቷ ያደነችውን በመርዝ አደንዝዛ፣ ሥጋውን ከሰውነቷ ውጭ አሟሙታ ትመጥጠዋለች።

5. እድገታቸውንም ያነጻጽሩ። የሸረሪት ጫጩት ገና ስትፈለፈል እናቷን ትመስላለች፤ ቆዳዋን እየቀየረች ታድጋለች። ሞናርክ ግን አባጨጓሬ ሆና ቆይታ፣ ፑፓ በሚባለው የማረፊያ ደረጃ ወደ ቢራቢሮ ትለወጣለች። ሐር የሸረሪት ብቻ የሚመስለውም ሰው እዚህ ይታረማል፦ አባጨጓሬዋ ፑፓ ከመሆኗ በፊት ከአፏ ሥር ባወጣችው ሐር ትንሽ መያዣ ሠርታ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ሸረሪቷ ክሯን የምታወጣው ከሆዷ ጫፍ ነው።

6. ሲገናኙም ይዩዋቸው። የቢራቢሮ ክንፍ በደቃቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ድሩ ሲይዛት ቅርፊቶቹ እየተላቀቁ ክሩ ላይ ይቀራሉ፤ እሷም አንዳንዴ ታመልጣለች። ድሩ ላይ የቀረውን ብናኝ ለማየት ግን ይፍጠኑ፤ ሸረሪቷ አሮጌ ድሯን በልታ ብዙ ጊዜ በየቀኑ አዲስ ታደራለች።