ፒዲኤፍ ሳይወርድ ድረ ገጻችሁ ላይ እንዲነበብ፦ ፒዲኤፍ.ጄኤስ እንዴት እንደሚጫን

ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ፒዲኤፍ በስልክ ስትነኩ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፋይሉ መውረድ ይጀምራል። 40 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የት ፎልደር እንደገባ ፍለጋ ነው፤ ስልኩ ላይ መክፈቻ አፕ ከሌለ ደግሞ ካርዱም አለቀ፣ ሰነዱም አልተነበበም። የእድር መተዳደሪያ ደንብም ይሁን የመማሪያ መጽሐፍ፣ ሰው አንዲት ገጽ ለማየት ብሎ ይህን ሁሉ ማለፍ የለበትም።

እኔ ለዚህ የምመክረው ፒዲኤፍ.ጄኤስን ነው። የፋየርፎክስ ብራውዘር ሠሪ በሆነው ሞዚላ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ፋየርፎክስ ላይ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ ከሆነ አይታችሁታል፤ ከ2013 ጀምሮ የፋየርፎክስ ማንበቢያ እሱው ነው። ሥራው በሙሉ የሚካሄደው አንባቢው ብራውዘር ውስጥ ነው። ጃቫስክሪፕቱ ፋይሉን አንብቦ ገጹን ይስለዋል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የማይታይ የጽሑፍ ንብርብር ያደርግበታል፤ ቃል መፈለግና መቅዳት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰርቨራችሁ ላይ ፒኤችፒም ዳታቤዝም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ዚፕ አውርዱ። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ አንዱ ለአዳዲስ ብራውዘሮች፣ ሌላው ለቆዩት። አንባቢዎቻችሁ አሮጌ ስልክ የሚይዙ ከሆነ ለቆዩት የተሠራውን ውሰዱ። ያለ ጥርጥር። አዲሱ አሮጌ ስልክ ላይ ባዶ ገጽ ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ዚፑን ስትፈቱ «ቢልድ» እና «ዌብ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ይወጣሉ። ማንበቢያው ያለው «ዌብ» ውስጥ ነው፣ «ቪውወር» የሚባለው የኤችቲኤምኤል ፋይል። ሁለቱን ፎልደሮች አትለያዩአቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «ቪውወር»ን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሁለቴ ነክታችሁ ብትከፍቱት አይሠራም፤ ብራውዘሩ ለደህንነት ሲል ይከለክለዋል እንጂ እናንተ ምንም አላበላሻችሁም። በሰርቨር በኩል መከፈት አለበት። ፓይተን ካላችሁ በተርሚናል ሁለቱ ፎልደሮች ወዳሉበት ቦታ ግቡና አብሮት የሚመጣውን ኤችቲቲፒ ሰርቨር በፖርት 8000 አስነሱት፣ ከዚያ በብራውዘር ሎካልሆስት 8000 ላይ (localhost:8000/web/viewer.html) ክፈቱት። አብሮ የተቀመጠ አንድ የእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፍ ከመጣላችሁ ሠርቷል ማለት ነው።

የራሳችሁን ሰነድ ለማሳየት ፒዲኤፉን «ዌብ» ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ስሙን በላቲን ፊደል፣ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለበት አድርጉት። ከዚያ አድራሻው ላይ ከ«ቪውወር» ፋይል ስም (viewer.html) ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፋይል» የሚለውን ቃል፣ የእኩል ምልክትና (?file=) የፋይሉን ስም ጻፉ። መጨረሻው ላይ የመሰላል ምልክት፣ «ፔጅ»፣ እኩል ምልክትና 12 (#page=12) ብትጨምሩ በቀጥታ 12ኛው ገጽ ላይ ይከፈታል። ቴሌግራም ላይ ለሰው «ይህችን አንቀጽ እያት» ብሎ ለመላክ በጣም ይጠቅማል። ገጻችሁ ውስጥ መክተት ከፈለጋችሁ ይህንኑ አድራሻ አይፍሬም ውስጥ (አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ የሚያሳይ የኤችቲኤምኤል ሳጥን ነው) አስገቡት።

ወደ ሰርቨራችሁ ስትጭኑት ሁለት ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል። ገጹ ባዶ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ኤምጄኤስ የሚል ቅጥያ ያላቸውን ፋይሎች እንደ ጃቫስክሪፕት አላወቃቸው ይሆናል፤ ጃቫስክሪፕት መሆናቸውን የሰርቨሩ ቅንብር ላይ አስገቡለት። ማንበቢያው ተከፍቶ ሰነዱን እምቢ ካለ ደግሞ ፒዲኤፉ ያለው ሌላ ዶሜን ላይ ይሆናል። ወደ ራሳችሁ ዶሜን አምጡት።

ዳታ የመቆጠቡ ነገር ግን በራሱ አይመጣም። ፒዲኤፍ.ጄኤስ ፋይሉን ቆርጦ ቆርጦ መጠየቅ ይችላል፣ የመጀመሪያውም ገጽ ቶሎ ይታያል፤ ግን አንባቢው አንዷን ገጽ እያየ ሳለ የቀረውን ሁሉ ከበስተጀርባ ማውረዱን ይቀጥላል። ይህን ለማስቆም «ቪውወር» የሚለውን የጃቫስክሪፕት ፋይል ክፈቱና «ዲሴብል ኦቶ ፌች» (disableAutoFetch) እና «ዲሴብል ስትሪም» (disableStream) የሚሉትን ፈልጋችሁ «ፎልስ» (false) የሚለውን «ትሩ» (true) አድርጉ። ሁለቱንም። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ ፒዲኤፍን በጂዚፕ የሚጨምቅ ከሆነም ያንን አጥፉት፤ የተጨመቀውን ቆራርጦ መጠየቅ አይችልም። ፋይሉን ራሱን ደግሞ ኪውፒዲኤፍ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዌብ እንዲመች «ሊኒያራይዝ» አድርጉት፤ የመጀመሪያው ገጽ ቀድሞ እንዲመጣ የፋይሉን ውስጥ ማስተካከል ማለት ነው።

ከወራት በፊት የጫናችሁትም ካለ እትሙን እዩ። በ2024 እ.ኤ.አ. ፎንት በሚያነብበት ክፍል ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶበት ነበር፤ ተንኮለኛ ፒዲኤፍ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የተዘጋው በ4.2.67 ነው። ከዚያ በታች ያለውን ዛሬውኑ ቀይሩት።

የአማርኛ ሰነድ ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ከፍታችሁ አንድ ቃል ቅዱና ሌላ ቦታ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ጥሩ። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ ግን ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዓለም መለኪያ) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ ለዓይን ልክ ነው፣ ሲፈለግ ግን አይገኝም። ዋናው የወርድ ፋይል ካለ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባለ ፎንት አድርጉትና ፎንቱ አብሮ እንዲገባ አድርጋችሁ እንደገና ፒዲኤፍ አውጡ። ስካን ብቻ ከሆነ ኦሲአርማይፒዲኤፍን ሞክሩ፤ ከምስሉ ላይ ፊደል አንብቦ ከገጹ ጀርባ ጽሑፍ የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። አብሮት የሚሠራው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል፤ የአማርኛውን ዳታ ለብቻው ትጭኑለታላችሁ። ፊደል ስለሚያምታታ ግን ስሞችንና ቁጥሮችን ቅዱና ከስካኑ ጋር አስተያዩ፤ ከገጹ ጀርባ የተቀመጠው ጽሑፍ ስለማይታይ ስህተቱ የሚወጣው እንዲህ ነው።