በልጆች እጅ የተሠሩ አውሮፕላኖችን በጣና ዳር ለማብረር

በየዓመቱ በሐምሌ ወር በአሜሪካዋ ኦሽኮሽ ከተማ በሚካሄደው ትርኢት ላይ ባለቤቶቻቸው በየጋራዣቸው የሠሯቸው አውሮፕላኖች ሜዳውን ሞልተው ይታያሉ። በዚያ አገር ደንብ አንድ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ተብሎ እንዲመዘገብ የሚበዛውን ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ማከናወን አለባቸው። ሞተር አልባ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ይዞ ከጎረቤት ቤተሰቦች ጋር በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ለመዋል የሚያስብ ወላጅም ከዚህ ደንብ ቢነሳ መልካም ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠውን ልጁ ካልሠራው ሜዳ ላይ የሚበረው የአባትየው አውሮፕላን ነው።

ሥራው በዋዜማው ይጠናቀቅ። ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ፎም ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ፣ 14 በ5 የሆነ የጅራት ክንፍና አንድ ትንሽ ቋሚ ጅራት ይቆረጣሉ፤ ለአካሉ 35 ሳንቲ ሜትር ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ይበቃል። ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ መለካቱን፣ መሳሉንና ማጣበቁን ለልጁ ይተውለት። ማስቲሽ ፎሙን ስለሚበላው ነጭ የእንጨት ኮላ ተጠቅሞ ሌሊቱን ማድረቅ ይሻላል። አውሮፕላኑ ወደ ጎን እንዳይገለበጥ የክንፉ ሁለት ጫፎች ከመሐሉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ።

ብዙዎች ቸል የሚሉት ሚዛኑን ነው። ክንፉን ከፊተኛው ጠርዝ ወደ ኋላ አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም 2.5 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ከሥር በሁለት ጣት ደግፈው ሲያነሡት አውሮፕላኑ አግድም መቆም አለበት፤ ጅራቱ ካዘቀዘቀ አፍንጫው ላይ ሳንቲም በፕላስተር ይለጠፍ። ሲወረወር ሽቅብ ተንጋሎ ፍጥነቱን አጥቶ የሚወድቅ ከሆነ አፍንጫው ክብደት ይጨመርለት፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ይቀነስለት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው አውሮፕላን በባሕር ጠለል ከሚበርበት ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል መጨመር ስላለበት በኮላና በፕላስተር ክብደቱን ማብዛት እዚህ ይበልጥ ይጎዳል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለ ቅዳሜ ማለዳ ይመረጥ። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፤ አውሮፕላን የሚለቀቀው ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ፣ አፍንጫው ጥቂት ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ በኃይል ሳይሆን በለስላሳ ግፊት ነው። ስለዚህ ፊት ወደ ውኃው ስለሚዞር መወርወሪያው ከዳርቻው ቢያንስ 100 ሜትር ይራቅ። ጣና ቢልሃርዝያ ስላለበት፣ በዓባይ መውጫ አካባቢም ጉማሬ ስለሚገኝ ውኃ ውስጥ የገባ አውሮፕላን ይቅር እንጂ ልጅ አይከተለው። ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ መራቅ፣ ፈቃድ የሚጠይቀውን ድሮንም አለማምጣት ግድ ነው።

ለውድድሩ በርቀት ፋንታ በአየር ላይ በመቆየት መዳኘትን እመርጣለሁ፤ ጉልበት ያለው ልጅ ብቻ እንዳያሸንፍ ይረዳል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ውርወራ ይሰጠውና አማካዩ በስልክ ሰዓት ይያዝ። የተሰበረ ክንፍ እዚያው በፕላስተር ይጠገናል፤ ነገር ግን ፕላስተሩ የራሱ ክብደት ስላለው ዳግም ከመወርወሩ በፊት ልጁ ሚዛኑን በጣቶቹ ይፈትሽ።